«አሚን» አንድ ላይ የሚወጣበት ቤት

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሕንፃ ንድፍ ለምትማሩ፣ ሳይት ላይ ከግንበኛና ከአናጺ ጋር ለምትውሉ ልጆቼ፤

ሠላሳ ዓመት ያህል ቤት ስነድፍ ኖሬአለሁ። ስለ ብርሃን፣ ስለ ኮለን፣ ስለ ደረጃ ስፋት፣ ስለ ጣሪያ ፍሳሽ በደንብ ተምሬ ነበር። ስለ ድምፅ ግን የተማርኩት ካጠፋሁ በኋላ ነው። ይህን የምጽፍላችሁ ያን ጥፋት እንዳትደግሙት ስለምፈልግ ነው።

ከሃያ ዓመት በፊት ኮምቦልቻ ላይ የስብሰባና የሠርግ አዳራሽ እንድነድፍ ተጠየቅሁ። ባለቤቱ ለሥራው ገንዘብ ያልሰሰቱ ጥሩ ሰው ነበሩ። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው እስከ ላይ ልሙጥ ልስን፣ ኮርኒሱ ጂፕሰም ሆነ። ከመድረኩ ትይዩ ያለውን የኋላ ግድግዳ ደግሞ በኮምፓስ ቅስት አድርጌ፣ ሆዱን ወደ መድረኩ ከፍቼ ሳልኩት። ወረቀት ላይ ያምር ነበር፤ ተሠርቶ ሲያልቅም አማረ።

የምረቃው ዕለት አንድ አባት «ይመርቁልን» ተብለው ተነሡ። የወሎን ምርቃት ታውቁታላችሁ፤ መራቂው አንድ ሐረግ ይጥላል፣ ሕዝቡ «አሚን» ብሎ ይቀበላል፣ ከዚያ ሌላው ይከተላል። የመጀመሪያው «አሚን» ከፊት ረድፍ ወጣ። መሃል የተቀመጡት ሐረጉ ማለቁን ስላልለዩ ዘገዩ፤ ከኋላና ከጎን ያሉት ጨርሶ አልመለሱም። ሁለተኛውን ሐረግ ሲጀምሩ የገዛ ድምፃቸው ከወዲያ ተመልሶ መጣባቸው። የሚደርባቸው ሰው ያለ መስሏቸው ቆም ብለው አዩ። ማይኩን የያዘው ልጅ ሞንታርቦውን ከፍ አደረገው፤ ባሰ። እሳቸውም ምርቃቱን አሳጥረው ተቀመጡ። ሰዉ ሁሉ ማይኩን ወቀሰ። ያን ቀን እኔም ማይኩን ነበር የወቀስኩት።

በማግስቱ ቁልፉን ተቀብዬ ብቻዬን ገባሁ። ባዶው አዳራሽ መሃል ቆሜ አንድ ጊዜ አጨበጨብኩ። ድምፁ እስኪሞት አምስት ቆጠርኩ።

የሠራሁት ጥፋት አንድ ሳይሆን ሁለት ነበር፤ ለየብቻ እንያቸው። የመጀመሪያው የገደል ማሚቶ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከመድረኩ እስከ ኋላ ግድግዳ 20 ሜትር ከሆነ፣ ደርሶ መልስ 40 ሜትር ነው፤ ይህም ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በላይ ይፈጃል። ጆሯችን እስከ 50 ሚሊሰከንድ ድረስ ዘግይቶ የመጣውን ንግግር ከመጀመሪያው ጋር ያዋሕደዋል፤ እንዲያውም ያጎላዋል። ከዚያ በላይ ሲዘገይ ግን እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ይለየዋል። ቅስቱ ደግሞ ተበትኖ መቅረት የነበረበትን ድምፅ ሰብስቦ፣ የመኪና መብራት ብርሃኑን እንደሚሰበስበው፣ በቀጥታ ወደ መራቂው ላከው። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ገደል አዳራሽ ውስጥ አስገብቼው ነበር።

ሁለተኛው የድምፁ ቆይታ ነው፤ ሙዚቀኞቻችን ሪቨርብ የሚሉት። ይህን በቁጥር ያስጨበጠን ዋላስ ሳቢን የተባለ የሐርቫርድ የፊዚክስ መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 አዲስ የተሠራ አንድ የትምህርት አዳራሽ አስተማሪው የማይሰማበት ሆነና መላ እንዲፈልግለት ተጠየቀ። ሳቢን ከተማው ጸጥ ሲል፣ ሌሊት ሌሊት፣ የኦርጋን ቧንቧና የሰዓት መለኪያ ይዞ ይገባ ነበር። ከሌላ ቴአትር ቤት የወንበር ትራሶች እያስመጣ፣ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ ድምፁ ለመጥፋት የሚፈጅበትን ጊዜ ለካ። ያለ ትራስ አምስት ሰከንድ ተኩል ያህል ነበር። ከዚያ ሁሉ ሌሊት የወጣችው ቀመር አጭር ናት፦ የክፍሉን ይዘት በሜትር ኩብ ውሰዱ፣ በ0.161 አባዙ፣ ክፍሉ ውስጥ ድምፅ በሚመጥጠው ስፋት አካፍሉ፤ የሚወጣው የድምፁ ቆይታ በሰከንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ ሲነደፍ አማካሪው እሱ ነበር፤ ዛሬም ከዓለም ምርጥ የሙዚቃ አዳራሾች ተርታ ይቆጠራል።

ቀመሯን በእኔ አዳራሽ ላይ እንሞክራት። 20 በ12፣ ቁመቱ 6 ሜትር፤ ይዘቱ 1440 ሜትር ኩብ። ወለል፣ ጣሪያና ግድግዳ ሲደመር 864 ካሬ ይመጣል። ልስንና ሴራሚክ ከሚደርስባቸው ድምፅ ከመቶ ሁለት ሦስት እጅ ብቻ ነው የሚመጥጡት፤ በርና መስኮቱን ጨምረን በለጋስነት አምስት እንበል። 43 ካሬ ሆነ። ባዶ አዳራሹ 5.4 ሰከንድ ያቆያል ማለት ነው። አንድ ሰው ከነልብሱ ግማሽ ካሬ የማይሞላ፣ 0.45 ገደማ ይመጥጣል። መቶ ሰው ሲቀመጥ ወደ 2.6 ሰከንድ ይወርዳል። ለንግግር የሚፈለገው ግን አንድ ሰከንድ ገደማ ነው። ኮርኒሱን ብቻ ከመቶ 60 በሚመጥጥ ነገር ሠርቼው ቢሆን መቶ ሰው ባለበት አንድ ሰከንድ ላይ ያርፍ ነበር። ይህ ሁሉ የአንድ ምሽት ሒሳብ ነው። እኔ ያን ምሽት ያጠፋሁት ቅስቱን ሳሳምር ነው።

በእኛ ቋንቋ ጉዳቱ የሚከፋ ይመስለኛል። «ይበላል» ሲላላና ሲጠብቅ አንዱ በላተኛ፣ ሌላው የሚበላው ነው። ከሚለያቸው አንዷ «በ» ላይ ከንፈር ሲገጥም የምትፈጠረው ቅንጣት ዝምታ ናት። ድምፅ በማያልቅበት ክፍል ውስጥ ያችን ዝምታ የቀደመው ፊደል ጅራት ይሞላታል፣ ከዚያ መጥበቅና መላላት አይለይም። ሞንታርቦውን ስትጨምሩ ጅራቱም አብሮ ይጨምራል። ያን ዕለት የባሰው ለዚህ ነው።

አያቴ ቤት፣ ደሴ፣ ጭቃ ቤት ነበር። ግድግዳው በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ኮርኒሱ የተወጠረ አቡጀዲ፣ መሬቱ ላይ አጎዛና ምንጣፍ። አርባ ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጥና ዱዓ ያደርግ ነበር፤ መራቂው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሆኖ ይናገራል፣ «አሚን» ግን ካርባ አፍ ባንድ ጊዜ ይወጣል። ልጅ ሆኜ ይህ የመራቂው ግርማ ይመስለኝ ነበር። የመራቂው ግርማ እንዳለ ሆኖ፣ ከጀርባው አየር ያለው የተወጠረ ጨርቅና ሻካራው ጭቃም ሥራቸውን ይሠሩ ነበር። ያን ቤት አፍርሰን ብሎኬትና ሴራሚክ ስናደርገው ሁላችንም ደስ አለን፤ አሁን ሦስት ሰው ቡና ሲጠጣ አራተኛው የሚባለው አይሰማውም።

ክብ ቤተ ክርስቲያኖቻችንንም ገብታችሁ አድምጡ። ክብ ግድግዳ ድምፅን ወደ መሃል ስለሚሰበስብ ለነዳፊ አስቸጋሪ ቅርፅ ነው። እዚያ ግን መሃሉን መቅደሱ ይዞታል። የሚሰበሰበው ድምፅ የሚያርፍበት ባዶ ቦታ አያገኝም፤ ካህናቱ በዙሪያው፣ ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ሆነው ይዘምራሉ። እዚህ ደሴ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽም ማይክ በሌለበት ዘመን የብዙ ሰው ግብር የበላበት ቤት ነው። ስትሄዱ ፎቶ አንሥታችሁ ብቻ አትመለሱ፤ አንዳችሁ ወዲያ ማዶ ሆናችሁ በተራ ድምፅ ተነጋገሩበት።

ለንግግር የሚበጀው ለዜማ አይበጅም። አምባሰልና ባቲ በአገራችን ስም የተጠሩ ቅኝቶች ናቸው፤ ዘፋኙ ድምፁን ሲያንጠለጥል ክፍሉ ትንሽ ቢያቆይለት ይወዳል። ለትልቅ ኦርኬስትራ እስከ ሁለት ሰከንድ ይፈለጋል። ስለዚህ ባለቤቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ እዚህ ቤት ምን ይባልበታል? ስብሰባም መንዙማም ካሏችሁ የሚሰበሰብና የሚዘረጋ ከባድ መጋረጃ አስቡ።

የትምህርት ቤት ሥራ ሲሰጣችሁ ደግሞ በልግን አትርሱ። ክረምት ላይ ልጆቹ ቤታቸው ናቸው፤ የወሎ የበልግ ዝናብ ግን የሚወርደው ትምህርት መሃል ነው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ሥር መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል። ወጪ ተቀንሷል ሲሏችሁ ቀድሞ የሚሰረዘው ኮርኒሱ ነው፤ ተከራከሩለት።

የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ የምትለጥፉ ልጆች አያለሁ፤ ለንግግር ይህ ነው የሚባል ጥቅም የለውም። ተራ የፍራሽ ስፖንጅ አትለጥፉ፤ እሳት ሲነካው በመርዛም ጭስ ሰው ይገድላል። ከዚያ ይልቅ በእጃችሁ ያለውን እዩ። ያልተለሰነና ቀለም ያልነካው ሻካራ ብሎኬት በመካከለኛው ድምፅ ላይ ከመቶ 30 ያህል ይመጥጣል፤ ቀዳዳዎቹን ቀለም ሲደፍናቸው ከአሥር በታች ይወርዳል።

ያን አዳራሽ ለማስተካከል ባለቤቱ ዘንድ ሄጄ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኳቸው። ቅስቱን ማፍረስ አልተቻለም። ወፍራም የሱፍ ባና ገዝተን፣ በእንጨት ፍሬም ወጥረን፣ ከቅስቱ ላይ አንድ ጋት ያህል አርቀን ሰቀልን፤ ከጀርባ ያለው አየር ወፍራሙንም ድምፅ እንዲይዝ ነው። ኮርኒሱን በገንዘብ እጦት ግማሹን ብቻ ቀየርን። አዳራሹ ፍጹም አልሆነም፤ ንግግር ግን ይሰማል።

ከዚያ ወዲህ በነደፍኳቸው አዳራሾች ሁሉ የኋላ ግድግዳውን ከሰው ቁመት በላይ ሳይለሰን አስቀራለሁ። ብሎኬቱን አስመርጬ፣ መገጣጠሚያውን አስጠርጌ ነው። እናንተም ብታደርጉት ባለቤቱ መጥቶ «ልስን ጎደለ?» ማለቱ አይቀርም። ከጎኑ ካለው ከተለሰነው ክፍል አስገቡትና አጨብጭቡለት፤ ከዚያ አዳራሹ ውስጥ አምጥታችሁ እሱ ራሱ እንዲያጨበጭብ አድርጉት።