«በናንተ አፍ ምን ይባላል?»

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ የቤት ዕቃ የምሸጥበት ሱቅ አለኝ። በቀደም ከባቲ በኩል የመጣች ወጣት ደንበኛ ወንፊቱን በጣቷ እያሳየች «ይሄ በናንተ አፍ ምን ይባላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሱቅ የሚያግዘኝ የእህቴ ልጅ ሳቀና «አፍ አይባልም፤ ቋንቋ ነው የሚባለው» ብሎ አረማት። ልጅቷ አፍራ ዝም አለች። እኔንም ከፋኝ፤ ግን ለልጁ ምን እንደምለው አጣሁ። እውነት ተሳስታለች? ደግሞስ አፍ፣ አንደበትና ልሳን አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?

መልስ፦ አብሽሩ እህቴ፣ ልጅቷ አልተሳሳተችም። ትንሽ ለየት ያለ አማርኛ ተናገረች እንጂ።

ከባቲ በኩል ከመጣች ቤቷ የምትናገረው ኦሮምኛ ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ቋንቋ «አፋን» ማለት አፍ ነው፤ ቋንቋም ማለት ነው። «አፋን ኦሮሞ» ሲባል ቃል በቃል «የኦሮሞ አፍ» ማለት ነው። ከባቲ ወደ ምሥራቅ ወረድ ቢሉ ደግሞ አፋሮች ቋንቋቸውን «ዐፋር አፍ» ይሉታል። ሶማሌዎችም የራሳቸውን «አፍ ሶማሊ» ነው የሚሉት። ሦስቱም ቋንቋቸውን በአፍ ስም ይጠሩታል። የባቲን የሰኞ ገበያ የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም። እዚያ አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ አንድ ሜዳ ላይ ነው የሚገበያየው። ልጅቷ የራሷን አነጋገር በአማርኛ ቃል ደገመችው። ቃሉም ደግሞ አማርኛ ነው።

እስቲ የእህትዎን ልጅ አንድ ነገር ይጠይቁት። «አፍህን የፈታኸው በምንድን ነው?» ይበሉት። ሳያስብ «በአማርኛ» ይላል። ልጅ መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» እንላለን። አፍ እንደ ቋጠሮ ነው፤ መጀመሪያ የሚፈታበት ቋንቋ ደግሞ «የአፍ መፍቻ ቋንቋ» ይባላል። ይህን ሐረግ ትምህርት ቤትም፣ መሥሪያ ቤትም፣ ሬዲዮም ይጠቀሙበታል። ማንም አይስቅበትም። እንግዲህ አፍና ቋንቋ በአማርኛችንም ጎን ለጎን ነው የሚኖሩት።

እንዲያውም የእኛ አፍ ከመብያነቱ ይልቅ መናገሪያነቱ ይበዛል። ደንገጥ ያለ ሰው «አፌ ተሳሰረ» ይላል። ከልክ ያለፈ ቃል «አፍ እላፊ» ነው። ሰው በየቡናው ሲያነሳው ሲጥለው የሚውል ሰው «የሰው አፍ ማሟሻ» ሆነ ይባላል። ይህኛውን በጣም እወደዋለሁ፤ ከጓዳ የወጣ ቃል ነውና። ምጣድ እንጀራ ከመጋገሩ በፊት እንደሚሟሽ ሁሉ፣ ወሬኛም ዋናውን ወሬ ከመጀመሩ በፊት አፉን የሚያሟሽበት ሰው ይፈልጋል። በሥራ የሚከብደውን በወሬ ለሚያቀልለው ሰው ደግሞ «ለአፍ ዳገት የለውም» እንላለን። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በሀረጎ በኩል ደሴ የወጣ ሰው ዳገት ምን እንደሆነ ስለሚያውቅ፣ ይህ ተረት ለእኛ አካባቢ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለውም አለ። አፋፍ የገደል ጫፍ ነው። ቃሉ አንዴ ከወጣ ገደል አፋፍ ላይ ቆሟል፤ መልሰው አይይዙትም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ። ሦስቱ ቃላት ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም። መለየት ቀላል ነው፤ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እያስገቡ ይፈትኗቸው። «አፌን ታጠብኩ» ይባላል። «አንደበቴን ታጠብኩ» ግን ማንም አይልም። አንደበት አይበላም፣ አይጠጣም፣ አይታጠብም። ሥራው መናገር ብቻ ነው። ስለዚህ የንግግር ችሎታና ጨዋነት ሲነሳ እርሱ ይመረጣል። «አንደበተ ርቱዕ» ንግግሩ ቀጥ ያለና የተባ ሰው ነው። ታማሚ መናገር ሲያቅተው «አንደበቱ ተዘጋ» እንላለን። «አፉ ተዘጋ» ብንል ሌላ ትርጉም ይመጣል፤ ሰው ዝም ያሰኘው ይመስላል።

ልሳን የግእዝ ቃል ነው። መጀመሪያ ትርጉሙ ምላስ ነው፤ ከዚያ ቋንቋ ይሆናል። ዐረብኛውም «ሊሳን» ነው፤ ደሴም ኮምቦልቻም መድረሳ የተማረ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬ በአማርኛ ልሳን ከበድ ያለ ቃል ነው። ጋዜጣ «የድርጅቱ ልሳን» ይባላል፤ የድርጅቱን ሐሳብ ይናገርለታልና። ገበያ ላይ «በናንተ ልሳን» ብትል ኖሮ ልጁ ይበልጥ ይስቅ ነበር። «ምላስ» የሚለው የራሳችን ቃል «ላሰ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ መላሻ እንደማለት። እርሱ ብዙ ጊዜ ወቀሳ ይከተለዋል። ምላሳም አለ፤ በምላሱ ጤፍ የሚቆላም አለ።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር፤ ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ ስለሚደናገሩበት ነው። «አፈ ንጉሥ» እና «አፈ ቅቤ» አፈጣጠራቸው አንድ ይመስላል። ሁለቱም ላይ «ፍ» ወደ «ፈ» ተቀይሯል። ትርጉማቸው ግን በተለያየ መንገድ ነው የሚሄደው። አፈ ንጉሥ «የንጉሥ አፍ» ነው፤ በንጉሡ ስም ፍርድ የሚናገር ትልቅ ዳኛ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርዱን ሥራ የሰጡት ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ነበር። የዛሬው «አፈ ጉባኤ» በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው፤ የጉባኤው አፍ። አፈ ቅቤ ግን «የቅቤ አፍ» አይደለም። አፉ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ሰው ነው፤ «አፈ ቅቤ፣ ልበ ጩቤ» የሚባልለት። አንደኛው የማን አፍ እንደሆነ ይነግረናል። ሁለተኛው አፉ ምን እንደሚመስል። አፈ ጮሌም የዚህኛው ወገን ነው።

ክፍት የሆነ ነገር ሁሉም አፍ አለው። የማሰሮ አፍ፣ የጆንያ አፍ፣ የዋሻ አፍ። ሱቅዎ በር ላይ ቆመው «ደጃፌ» ሲሉም አፍን እየጠሩ ነው። ደጅና አፍ ተጋጥመው ነው «ደጃፍ» የሆኑት። አፍንጫን ግን ከዚህ ቤተሰብ አያስገቡት። ፊት ላይ ጎረቤት ቢሆኑም ዘራቸው ሌላ ነው፤ አፍንጫ የሚዘመደው «አንፍ» ከሚለው የግእዝ ቃል ጋር ነው።

የእህትዎ ልጅ አንድ ነገር ላይ እውነት አለው። ለፈተና ወይም ለማመልከቻ ሲጽፍ «በአማርኛ ቋንቋ» ይበል፤ «በአማርኛ አፍ» በጽሑፍ የተለመደ አይደለም። ሱቅ ውስጥ ግን የልጅቷ ጥያቄ ሁላችንም የምንረዳው ጥሩ አማርኛ ነው። እርሷ በሁለተኛ ቋንቋዋ ነበር የጠየቀችው፤ እርሱ ግን በአንዱ ነው የሳቀባት። ይህን ሳይቆጡ ይንገሩት። ልጅቷም ሌላ ቀን ብቅ ስትል እርስዎ ይቅደሟትና «በናንተስ አፍ ወንፊት ምን ይባላል?» ብለው ይጠይቋት። የነገረችዎትን ቃል ቢጽፉልኝ በጣም ደስ ይለኛል።