የቦውሊንግ ኳስን ገጽ በእጅ ስለማደስ

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሲሆን በየሳምንቱ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በሊግ ቦውሊንግ እጫወታለሁ። የሬአክቲቭ ሬዚን (ወለሉን አጥብቆ የሚይዝ የፕላስቲክ ዓይነት) ኳሴ ከ2 ዓመት አገልግሎት በኋላ እንደ ቀድሞው ወደ ፒኖቹ (በኳሱ ተመትተው ወደሚወድቁት ዒላማዎች) መታጠፉን ትቶ ቀጥ ብሎ ይሄድብኛል። ማሽን የለኝም፤ በመጫወቻው ወለል ላይ በተቀባው ዘይት ላይ የሚንከባለለውን የኳሱን መስመር ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ብፈገፍገው ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃዎትም፤ የስፖርቱ የአሜሪካ የበላይ አካል የሆነው የዩናይትድ ስቴትስ ቦውሊንግ ኮንግረስ ደንብም የኳሱ ገጽ ሲለወጥ ሙሉው ገጽ በእኩል እንዲለወጥ ስለሚያዝ፣ በመስመሩ ብቻ የተፈገፈገ ኳስ ይዘው ወደ ውድድር መግባት አይችሉም።

ኳስዎን ያደከሙት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የሬዚኑ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የጠጡት ዘይትና ከወለሉ ጋር በመፋተግ የለሰለሰው ገጽ። ስለዚህ መጀመሪያ ዘይቱን ያውጡ። ጣት የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ውሃ በማያስገባ ፕላስተር ዘግተው፣ ኳሱን ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባልበለጠ ውሃና በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይዘፍዝፉት፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ አውጥተው በደንብ ያድርቁት። አንዳንዶች እንደሚያደርጉት በምድጃ ማሞቅ ግን ኳሱን ይሰነጥቃልና እንዳይሞክሩት።

ለመፈግፈጉ ከተራ የብርጭቆ ወረቀት ይልቅ ከሥሩ ስፖንጅ ያለውን አብራሎን የተባለ መፈግፈጊያ እመርጣለሁ፤ ከኳሱ ክብነት ጋር አብሮ ይተጣጠፋልና። ፎጣ እንደ እንስራ ማቶት ጠቅልለው ኳሱን ያስቀምጡበት፤ መፈግፈጊያውንም ኳሱንም ውሃ እያስነኩ፣ በመዳፍዎ ሳይጫኑ በትናንሽ ክቦች ይሥሩ። ያለ ማሽን የሚሠራ ሰው ትልቁ ችግር እኩልነት ነው፤ የደከመ እጅ የመጨረሻውን ጎን ማቃለሉ አይቀርም። እኔ ኳሱን በአራት ጎን ከፍዬ እያንዳንዱን ሰዓት እያየሁ ለ2 ደቂቃ እሠራለሁ፣ ጎኖቹ የሚገናኙበትንም ደራርቤ አልፋለሁ። የመፈግፈጊያው ቁጥር ከፍ ሲል ልስላሴው ይጨምራል፤ የኳስዎ የፋብሪካ ገጽ 2000 ቁጥር ከሆነ በ500 ጀምረው፣ በ1000 አልፈው፣ በ2000 ይጨርሱ፤ በየመሃሉ የወጣውን ዝቃጭ በውሃ ያጥቡ፣ አለበለዚያ የሻካራው ብናኝ የለስላሳውን ሥራ ይጭረዋል። በ1000 ቢያቆሙ ኳሱ ወለሉን ቀደም ብሎ ይይዛል፤ ዘይት ለበዛበት ሌን (የመጫወቻ መስመር) ይህ ጥሩ ነው፣ ለደረቀው ግን ጉልበቱን ፒኖቹ ጋ ሳይደርስ ይጨርሳል።

ይህንን ሁሉ ከውድድሩ በፊት ይጨርሱት፤ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ገጹን በመፈግፈጊያ መለወጥ ክልክል ነው። የተለመደው ምክር በ60 ጨዋታ ገደማ አንድ ጊዜ ማደስ ነው፤ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ዘይቱን በፎጣ የሚጠርጉ ከሆነ ግን ኳሱ ከዚያም በላይ ሊያገለግልዎት ይችላል።