ከሐውልቱ ፊት የቆመው ሐውልት

ጥያቄ፦ የምኖረው ቦስተን ነው። ከአገር ቤት ለሚመጡ ዘመዶች የአሜሪካ ቅኝ ተገዢዎች ከእንግሊዞች ጋር ስለተዋጉበት ስለ ባንከር ሂል አጭር የማስጎብኛ ጽሑፍ በአማርኛ አዘጋጅቼ «የአብዮት ጦርነት የድል ሐውልት» አልኩት። አንድ ወዳጄ «ሐውልት የሰው ምስል ነው፤ ረጅሙን ድንጋይ የመታሰቢያ ማማ በለው» አለኝ። ከድንጋዩ ፊት ደግሞ በውጊያው ቅኝ ተገዢዎቹን የመሩት ኮሎኔል ዊልያም ፕሬስኮት በነሐስ ተሠርተው ቆመዋል። ሁለቱን እንዴት ልለያቸው?

መልስ፦ ይህ «ሐውልት የሰው ምስል ነው» የሚለው ነገር እንቅልፍ ከሚነሱኝ አንዱ ነው። ነገሩ የተገለበጠ ነው። በግእዝ ሐውልት ማለት የቆመ ድንጋይ፣ ዓምድ ነው። ምስክሩም ራሱ ድንጋዩ ነው፦ ኤርትራ ውስጥ ሰንዓፌ አጠገብ በመጠራ ያለው ጥንታዊ ድንጋይ፣ አናባቢ ገና ባልተቀጠለበት የግእዝ ፊደል፣ ራሱን «ሐወልት» ብሎ ይጠራል፤ አገዘ የተባለ ሰው ለአባቶቹ እንዳሠራው ይናገራል። የሰው መልክ የለበትም። (ፊደሉም ሐመሩ «ሐ» ነው፤ በሃሌታው «ሀውልት» የምትጽፉ ልብ በሉ።) ተከራካሪዬ የጨው ሐውልት የሆነችውን የሎጥን ሚስት ይጠቅስልኛል። እኔም ተንተርሶት ያደረውን ድንጋይ ሐውልት አድርጎ ያቆመውን ያዕቆብን እጠቅስለታለሁ።

እንግዲህ የባንከር ሂሉ ድንጋይ ከቃሉ ጋር ልክ ነው። 67 ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ከኩዊንሲ በመጣ ግራናይት የተሠራ፣ አራት ማዕዘን ሆኖ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ነው። አክሱምን ያየ ሰው ስሙን ሳይጠይቅ ያውቀዋል። «ማማ» ግን ወንጭፍ የያዘ ልጅ ወፍ የሚጠብቅበት ነው! ውስጡ 294 ደረጃ ስላለው ይወጣበታል ብለው ይሞግቱኝ ይሆናል፤ ቢሆንም አልቀበልም።

ችግሩ ያለው ኮሎኔሉ ላይ ነው። ለእኔ ቢተው «ምስል» እላቸው ነበር፤ ናቡከደነፆር ያሠራው የወርቅ ምስል እንጂ የወርቅ ሐውልት አልተባለምና። ዛሬ ግን «የምኒልክ ምስል» ቢባል ሰው የሚፈልገው ፎቶግራፍ ነው። አዲስ አበባ ፈረስ ላይ የተቀመጡትንም፣ አራት ኪሎ የቆመውንም ዓምድ እኩል ሐውልት ካለ ቆይቷል፤ እኔም ሳልወድ ተቀብያለሁ። የቦስተን ሰዎችስ ቢሆኑ? የውጊያው ዋና ክፍል የተካሄደውም፣ ሐውልቱ የቆመውም ብሪድስ ሂል በሚባለው ጉብታ ላይ ነው፤ ስሙን የወሰደው ግን ጎረቤቱ ጉብታ ባንከር ሂል ነው። ስለዚህ ረጅሙን «የባንከር ሂል ሐውልት»፣ ሰውየውን «የኮሎኔል ፕሬስኮት ሐውልት» ይበሉ። ባለቤቱ ከተጠራ አይምታቱም።

«መታሰቢያ» ስሕተት አይደለም፤ ግን የሚናገረው ስለ ዓላማው እንጂ ስለ ቅርጹ አይደለም። ትምህርት ቤትም መታሰቢያ ይሆናል። (ሥሩ «ሐሰበ» ነው፤ ቈጠረ ማለት ነው፤ የሒሳብ ዘመድ። ማስታወስን በግእዝ የያዘው «ዘከረ» ነበር፤ ተዝካር የሚለውን ለሙታን ድግስ ብቻ መተዋችን ያሳዝነኛል።)

«የአብዮት ጦርነት» ስላሉት፣ ማስረጃው ከእርስዎ ጋር ነው። አብዮት ከግእዙ «አበየ»፣ እምቢ አለ ከሚለው የወጣ ነው። እነዚያ ሰዎች ደግሞ ግብሩን እምቢ አሉ፣ ሻዩን እ.ኤ.አ. በ1773 ባሕር ውስጥ ደፉ፤ ከዚህ የበለጠ አብዮት ከየት ይመጣል? ነጻነታቸውን ያወጁት እንኳ ከዚህ ውጊያ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። እኔ ግን አብዮት ሲባል አብዮት ጥበቃ ስለሚታየኝ «የነጻነት ጦርነት» እላለሁ። ምክንያቴ ሰዋስዋዊ አይደለም፤ እርስዎ አይከተሉኝ።

«የድል» የሚለውን ግን ያውጡት። እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 1775 ጉብታውን የያዙት እንግሊዞች ናቸው። ቅኝ ተገዢዎቹ ባሩድ አልቆባቸው አፈገፈጉ። እርግጥ እንግሊዞች ከ1,000 በላይ ሙትና ቁስለኛ ከፍለውበታል፤ ቢሆንም ለሟቾቹና ለጽናታቸው የቆመ ሐውልት ነው። «የውጊያው ሐውልት» ይበቃዋል።