ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ አንድ ዲቪዲ ዴክ በፌስታል ይዞ መጣ። ክዳኑ ለብቻው፣ ብሎኖቹ ለብቻቸው። ሌንሱ ተነቅሎ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ዴኩ የእናቱ ነው። አብራ የመጣችው ሲዲ ደግሞ የእናትና የአባቱ ሰርግ ናት።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

«አያነብም፣ ጋሼ።»

«ሌላ ሲዲ ሞክረህለት ነበር?»

ዝም አለ። እኔም በሱ ዕድሜ ሳለሁ ለዚሁ ጥያቄ መልስ ያጣሁበት ቀን ነበር። ይህን የምጽፍላችሁ በዚያ ምክንያት ነው።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በጥገና ሥራ ኖሬያለሁ። በሬዲዮና በቴፕ ጀመርኩ። ቪዲዮ ዴክ መጣ፣ ከዚያ ሲዲና ዲቪዲ ተከተለ። ዛሬ ሁሉም ነገር ስልክ ላይ ሆኖ ዴክ ማን ይፈልጋል ትሉ ይሆናል። እስቲ የቤታችሁን ቡፌ መሳቢያ ክፈቱ። የወላጆቻችሁ ሰርግ፣ የታላቅ እህታችሁ ምርቃት፣ አሁን በሕይወት የሌሉት አያታችሁ ሲመርቁ የተቀረጹበት ሲዲ አታጡም። ያ ምስል ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ የለም። ለእኔ ዴክ መጠገን ማለት እነዚያን ሰዎች እንደገና ማየት ማለት ነው።

ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት የዕቃውን ባለቤት አንድ ነገር ጠይቁ። በአንዴ ነው የሞተው ወይስ እየደከመ መጥቶ ነው? ማታ ሲሠራ አምሽቶ ጠዋት አልነሳ ያለ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የኃይል ችግር አለበት። በተለይ መብራት ሄዶ በመጣ ማግስት ከሆነ። መጀመሪያ አንዳንድ ሲዲ እምቢ ያለ፣ ቀጥሎ መሃል ላይ መቆራረጥ የጀመረ፣ በመጨረሻ «ኖ ዲስክ» ብሎ የቀረ ከሆነ ግን ኃይሉን ተዉት። ነገሩ ያለው ሌንሱ ዘንድ ነው። እናቶችን ጠይቁ። ዕቃው መቼ ምን እንዳደረገ በደንብ ያስታውሳሉ፤ የሚጠይቃቸው ሰው ነው የጠፋው።

ጨርሶ መብራት የማያሳይ ከሆነ ከውጭ ጀምሩ። ዲቫይደሩን ትታችሁ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት። ገመዱ የሚነቀል ከሆነ በሌላ ሞክሩት። ከዚያ ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ዴክ በተሰካበት ቀን ተቃጥሎ ስንት ጊዜ መጥቶልኛል! የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ጽሑፉ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ችግር የለም። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር እንዳትሰኩት። በነገራችን ላይ ዲቪዲ በአካባቢ ተከፋፍሎ ቁጥር ተሰጥቶታል። አሜሪካ 1፣ አውሮፓ 2፣ ኢትዮጵያ 5 ናት። የፊልሙና የዴኩ ቁጥር ካልገጠመ ዴኩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ አላጫውትም ይላል። የሰርግ ሲዲ ላይ ግን ይህ ገደብ አብዛኛውን ጊዜ የለም።

ክዳኑን መክፈት ግድ ከሆነ መጀመሪያ ከሶኬት ንቀሉ። ነቅላችሁም ወዲያው እጃችሁን አታስገቡ። ገመዱ በሚገባበት በኩል በርሜል የመሰለ ትልቅ ካፓሲተር ታያላችሁ። የእኔ ዘመን ሰዎች ኮንደንሰር እንለዋለን። 220 ቮልቱ ወደ ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚሄድ ኤሌክትሪክ) ሲቀየር እሱ ላይ የሚጠራቀመው 300 ቮልት አካባቢ ነው፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል። በቴስተር ሳትለኩ አትንኩ። ቴስተር ከሌላችሁ ወይም አለካኩን ካላወቃችሁ ይህን ክፍል ለባለሙያ ተዉት። ይህን የምለው ስለምፈራላችሁ ነው። ትንንሾቹን ካፓሲተሮች ግን በዓይናችሁ ብቻ እዩ። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። እንደ ዳቦ ኩፍ ያለ ካለ በሽታው አንዱ እሱ ነው። ፊውዝ ተቃጥሎ ካገኛችሁ ደግሞ በሽቦ ጠምጥማችሁ አታልፉት። ፊውዝ ያለ ምክንያት አይቃጠልም። ያቃጠለው ነገር እዚያው ውስጥ ተቀምጧል።

መሳቢያው ወጥቶ የማይገባ ወይም ገብቶ የማይወጣ ከሆነ ብዙ አትጨነቁ። ውስጡ ቀጭን የላስቲክ ቺንጋ አለች። ስትቆይ ትለጠጥና ትንሸራተታለች። አዲስ ቀይሩላት። ሪሞቱ እምቢ ካለ ደግሞ በስልካችሁ የፊት ካሜራ እያያችሁ ተጫኑት። ጫፉ ላይ ነጣ ወይም ሐምራዊ የሚል ብርሃን ብልጭ ካለ ሪሞቱ ይሠራል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሌንሱ። ብዙ ዕቃ ያለ አግባብ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው።

የሲዲ መረጃ የተጻፈው ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር በሚዞር አንድ ረጅም መስመር ላይ ነው። በአንዱ ዙርና በቀጣዩ መካከል ያለው ርቀት በሲዲ 1.6 ማይክሮን፣ በዲቪዲ 0.74 ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። የሰው ጸጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ነው እንበል። አንዲት ጸጉር ዲቪዲው ላይ ብትወድቅ ከሥሯ ወደ መቶ የሚጠጋ መስመር ትሸፍናለች። ያንን ሁሉ ነጥሎ የሚያነበው ከምስር ብዙም የማትበልጥ መነጽር ናት። እንግዲህ የእኛን ቤት አስቡ። ዴኩ ያለው ሳሎን ነው። ሳሎን ውስጥ ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል። ጭሱ በዓመታት ውስጥ ሌንሷ ላይ ስስ ጉም ይጥላል። ዴኩ አርጅቷል የተባለው ስንት ጊዜ በዚህ ብቻ ነው!

ስለዚህ ከመቀየር በፊት ማጽዳት ይቀድማል። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ውሰዱ። ንጹህ አልኮል ጠብ አድርጉበት፤ ሽቶና ኮሎኝ አይሆንም። ሌንሷን ሳትጫኑ በቀስታ ዙሪያዋን ጥረጉ። የተንጠለጠለችው ከጸጉር በማይተናነሱ ቀጫጭን ሽቦዎች ላይ ስለሆነ ከተጫናችኋት ትጣመማለች። ሲደርቅ ገመዱን ሰክታችሁ መሳቢያውን ባዶውን ዝጉና ከጎን ሆናችሁ እዩ። ጤነኛ ሌንስ ሲዲ አለ ወይ ብላ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ ትላለች። ከላይ ሆናችሁ ቁልቁል እንዳታዩዋት። ሲዲ የሚያነበው ጨረር የሞገድ ርዝመቱ 780 ናኖሜትር ነው፤ ዓይን በደንብ አያየውም፣ እሱ ግን ዓይንን ይጎዳል። ይህን ስትሠሩ ገመዱ ስለተሰካ የኃይሉን ክፍል በምንም ምክንያት አትንኩ።

ሲዲውን ስትጠርጉም ከመሃል ወደ ዳር ይሁን፤ እየዞራችሁ አትሹ። በመስመሩ አቅጣጫ የተሰነጠቀ ረጅም ጭረት ብዙ መረጃ በአንድ ላይ ያጠፋል። መስመሩን የሚያቋርጥ አጭር ጭረት ግን ዴኩ ራሱ አስልቶ ሊያልፈው ይችላል።

የእኔን ነገር ልንገራችሁ። ሱቅ በከፈትኩ በሁለተኛው ዓመት ግድም አንዲት እናት ዴክ ይዘው መጡ። ልጃቸው ዓረብ አገር ነበረች፤ ከመሄዷ በፊት የተቀረጸችበት ሲዲ አልታይ ብሏቸው ነው። ሲዲውን ከተትኩ፣ አላነበበም። ሌንሱ ሞቷል አልኳቸው። ሌላ ሲዲ አልሞከርኩም። እርግጠኛ ነበርኩ። ገንዘቡን ከየት እንዳመጡት አላውቅም፣ ብቻ በሦስተኛው ቀን ከፈሉኝ። አዲስ ሌንስ ገጠምኩ። ሲዲው አሁንም አልተነበበም። ያኔ የሱቁን ሲዲዎች ሞከርኩ፣ ሁሉም ይሠራሉ። የድሮውን ሌንስ መልሼ ገጠምኩ። እሱም ያነባቸዋል። ሲዲውን የት ያስቀምጡት እንደነበር ብጠይቃቸው «መስኮቱ ላይ፣ እያየሁት እንድውል» አሉኝ። ቤት ውስጥ የሚቀዳ ሲዲ መረጃውን የሚይዘው በቀለም ነው፤ ፀሐይ ቀለሙን ያበላሸዋል። ኮምፒውተር ላይ ብዙ ታግዬ ግማሹን አወጣሁላቸው። ገንዘባቸውን መለስኩ። እሳቸው «ግማሹም ይበቃኛል» ብለው መረቁኝ። እኔን ግን ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ሲዲ ሳልሞክር ፍርድ አልሰጥም። አንድ ከፋብሪካ የታተመ፣ አንድ ቤት የተቀዳ፣ አንድ የባለቤቱ። የፋብሪካውን አንብቦ የተቀዳውን እምቢ ካለ ሌንሱ ቆሽሿል ወይም ደክሟል፤ የተቀዳ ሲዲ ብርሃን የሚመልሰው አነስ አድርጎ ነውና። ሁለቱን አንብቦ የባለቤቱን ብቻ ካላነበበ ዴኩን ተዉት፣ ሲዲውን እዩ።

ሌንሱ ጎን ያለችውን ትንሽ ማስተካከያ ብሎን አታዙሯት። ጨረሩ ይጨምርና ለሳምንት ያህል ያነባል፣ ከዚያ ይቃጠላል። እንዲህ አድርጎ ደንበኛ የሚሸኝ ሰው አይቻለሁ። እናንተ አታድርጉት። ሌንስ መቀየር የግድ ሆኖ አዲስ ከገዛችሁ ደግሞ የሌንሱ ሰሌዳ ላይ ትንሽ የብየዳ ጠብታ ካለች ፈልጉ። ከስታቲክ (ከእጃችን ብልጭ ከሚል ኤሌክትሪክ) እንድትጠብቀው ፋብሪካው ያደረጋት ናት። ኬብሉን ካገናኛችሁ በኋላ በካውያ ካላነሳችኋት ሌንሱ አይሠራም። አዲስ ዕቃ ተበላሽቶ መጣ ተብሎ የሚመለሰው አንዳንዴ በሷ ምክንያት ነው።

የጎረቤቴ ልጅ ሌንሱን ሲነቅል የቀደደውን ኬብል ቀይሬ ገጠምኩለት። ዴኩ የፋብሪካ ሲዲ አነበበ፣ የተቀዳ አላነበበም። ሌንሱን እሱ ራሱ አጸዳው። ጥጡ ቡኒ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ሰርጉ ታየ። ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱ አስቆምኩት። «አሁን አትይ፣ መጀመሪያ ቅዳ» አልኩት። እዚያው ኮምፒውተር ላይ ከተትናትና ወደ ሁለት ፍላሽ ቀዳን። አንዱን ለእናቱ፣ አንዱን ደግሞ ሌላ ቤት ለምትኖረው እህቱ። ከዚያ ብሎኖቹን ከፌስታሉ አወጣ። አንድ ጎድሎ ነበር፤ ከእኔ ሳጥን ፈልጎ ገጠመው።