ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት ቀን መቁጠሪያ እዪ

እህቴ፣ «ጡረታ የወጣው ባለቤቴ መጋቢት ላይ 70 ዓመት ይሞላዋል፤ አዳራሽ ልከራይ ወይስ ቤት ላድርገው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሰው ሁሉ የአዳራሽ ስም ይጽፍልሻል። እኔ ግን መጋቢት ስትዪ ነው የደነገጥኩት። ዐቢይ ጾም እኮ ነው! እኔንም ያስለቀሰኝ ይኸው ነው።

1. ቀኑ። የኔው ሰውዬ የተወለደው በ1947 ኅዳር 12 ነው። እናቱ «የዓመቱ ሚካኤል ዕለት ወለድኩህ» ይሉት ስለነበር ቀኑ አይጠፋንም። በ2017 70 ሊሞላው ሲል አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ልጃችን «የታንክስጊቪንግ በዓል እረፍት አለኝ፣ ኖቬምበር 30 ቅዳሜ ይሁን» አለች። እሺ አልን። መስከረም ላይ አንድ ሆቴል ሄጄ ለ60 ሰው አስያዝኩ። ክትፎው፣ ዶሮው፣ ጥብሱ ተመረጠ። 45 ሺህ ብር ቀብድ ቆጥሬ ሰጠሁ። ወሬው ሁሉ በፈረንጅ ቀን ስለነበር ወደኛ ቀን የመለሰው አልነበረም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የባለቤቴ ታላቅ እህት ደወሉ። «ያ ቀን እኮ ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም ነው፤ ጾም ከገባ ሳምንት ሊሆነው። ክትፎው ለማን ነው?» አሉኝ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ከእንግዶቼ መሀል የሚፈስክ አሥር ሰው አይሞላም።

በነጋታው ሆቴሉ ሄድኩ። ገና ከአንድ ወር በላይ አለው፣ ወይ ቀኑን ቀይሩልኝ ወይ ብሬን መልሱልኝ አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን እየነካካ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ማዘር፣ ውሉን አላነበቡትም እንዴ?» አለኝ። ቀጥሎ «ከፈለጉ በዚያው ዋጋ የጾም እናደርግልዎታለን» አለ። ሽሮና ምስር በክትፎ ዋጋ! ውሉ ላይ በደቃቅ ፊደል «ቀብድ አይመለስም» ይላል፣ አልክድም። ግን እናቱ የምሆን ሴትዮ ቆማ ስታናግረው ቀና አይልም? ልጄም ትኬቷን ለማስቀየር ተጨማሪ ዶላር ከፈለች።

2. ሰርፕራይዝ የሚባለውን እርሺው። ጡረተኛ ባል ቀኑን ሙሉ ቤት ነው፣ ምኑን ትደብቂዋለሽ? ቅዳሜ ኅዳር 14፣ የቅበላው ዕለት፣ ቤት ይሁን ተባለ። ሐሙስ ማታ 10 ኪሎ ሽንኩርት በጓሮ በር ሳስገባ ያዘኝ። «የማን ተዝካር ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ዓርብ ማታ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ 50 የተቀቀለ እንቁላል ላጠልኝ። ወጡ እንዲገባበት በቢላ ጫፍ ሲሰነጥቅ አመሸ። 38 ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነውና መስመሮቹ እኩል እኩል ካልሆኑ አይወድም። ዓርብ ስለሆነ የተፈረካከሰውን እንኳ አልቀመሰም።

3. ምግቡ። እንግዶቹን ወደ 40 ቀነስኳቸው። አራት ዶሮ ታረደ፤ አንዱ 12 ብልት ስለሚወጣው በቃን። እህቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተው ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ማቁላላት ጀመሩ፤ ማማሰያውን ለማንም አልሰጡም። ክትፎውን ከሰፈር ሉካንዳ ሥጋ ገዝቼ ራሴ ነው የሠራሁት፤ እንዳልኮራ አትከልክዪኝ፣ ከሆቴሉ ይበልጣል። ኬክ ገዛሁ፣ ግማሹ አደረ።

የሥራ ባልደረቦቹንም ልጥራ ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ደውለሽ ጥሪያቸው። በቴሌግራም ብቻ መልእክት የላክሁላቸው አልመጡም። የደወልኩላቸው ስድስቱም መጡ፣ አንዳቸው በከዘራ። የመጨረሻው ቡና ካለቀ በኋላም አልተነሱም፤ በ1970ዎቹ ስላረሙት ፈተና ሲከራከሩ እኩለ ሌሊት ሆነ። ባለቤቴ ጡረታ ከወጣ 10 ዓመቱ ነው፤ እንደዚያ ሲጮኽ ከሰማሁት ቆይቷል።

የአንቺን ወይ ጾሙ ሳይገባ አድርጊው፣ ወይ ከፋሲካ በኋላ። ከፋሲካ በኋላ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፣ የፈለግሽውን ቀን ትመርጫለሽ። ልደቱ ጥቂት ቢያልፈው አይቀየምም። እንግዶችሽ ጾም የማይመለከታቸው ከሆኑ ደግሞ ይቅርታ፣ አዳራሹን ተከራዪ። ውሉን ግን ቤትሽ ወስደሽ፣ መነጽር አድርገሽ አንብቢው። የኔ 45 ሺህ ዛሬም እዚያው ነው።