ተርጓሚው ብቻውን የቀረበት ቦታ

የጥንት ቋንቋዎችን ለማጥናት የተነሣችሁ ልጆቼ፥

እንደ እናንተ ወጣት ሳለሁ፥ በጎጥኛ (ጎጦች በተባሉት የጥንት ጀርመናዊ ነገዶች ቋንቋ) ወንጌል ውስጥ ግሡ ከዐረፍተ ነገሩ የት ላይ እንደሚውል በእርሳስ ስቆጥር አንድ ሙሉ ክረምት ፈጀሁ። ቆጠራውን ይዤ ብሄድ መምህሬ ከገጹ ቀና ሳይል «ይህ የጎጦች ነው ወይስ የግሪኮች?» አለኝ፤ መልስ አልነበረኝም። በ4ኛው መቶ ዓመት ጳጳሱ ዉልፊላ መጽሐፍ ቅዱስን ከግሪክ ሲመልስ የግሪኩን ቃላት እግር በእግር ይከተል ስለ ነበር፥ ዛሬ በስዊድን ኡፕሳላ በሚገኘው፣ በሐምራዊ ብራና ላይ በብርና በወርቅ ቀለም በተጻፈው ቅጂ የምናየው የቃላት ቅደም ተከተል አብዛኛው የግሪኩ ጥላ ነው።

ስለዚህ ከመቁጠራችሁ በፊት ግሪኩን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ፥ ተርጓሚው የሚከተለው አጥቶ ብቻውን የቀረበትን ቦታ ፈልጉ። እንዲህ ያለው ቦታ የሚገኘው ግሪኩ በአንድ ቃል ያለውን ጎጥኛው በሁለት ቃል ለመግለጽ ሲገደድ ነው፤ ከሁለቱ የትኛው ይቅደም የሚለውን ግሪኩ አይነግረውምና። ማቴዎስ 8፥3ን ተመልከቱ። ጌታ ለምጻሙን «ንጻ» ሲለው ግሪኩ አንድ ግሥ ነው፤ ጎጥኛው ግን «ዌርት ህራይንስ» ይላል፥ «ሁን ንጹሕ» እንደ ማለት። እዚያው ቁጥር ላይ የለምጹ መንጻት ሲነገር፥ ግሪኩ አሁንም አንድ ግሥ ሆኖ ሳለ፥ ጎጥኛው «ህራይን ዋርት» ብሎ ይገለብጠዋል፤ ይህማ እኛው «ንጹሕ ሆነ» የምንለው ነው። በትእዛዝ ጊዜ ግሡ ቀደመ፥ በተራው ነገር ኋላ ቀረ። በዮሐንስ 11፥2ም ስለ አልዓዛር መታመም በግሪክ አንድ የሆነው ግሥ «ሲዩክስ ዋስ»፣ «ሕመምተኛ ነበረ» ሆኗል። ያ ሁሉ የክረምት ቆጠራዬ ይህን ያህል አላስተማረኝም።

ጥቃቅኖቹንም አትናቁ። በማቴዎስ 9፥28 «ታምናላችሁን?» ለማለት የገባችው የጥያቄ «ኡ» በግሪኩ የለችም። የእኛ «ን» ግሡ እስኪያልቅ ትጠብቃለች፤ የእነርሱ «ኡ» ግን ቅድመ ቅጥያውን ከግሡ ነጥላ «ጋ-ኡ-ላውብያትስ» ብላ መካከሉ ትገባለች።

ከግሪክ ፈጽሞ የራቀ ምስክር ለምትሹ፥ እ.ኤ.አ. በ1734 በዴንማርክ ጋለሁስ የተገኘ የወርቅ ቀንድ አለ። በ1802 ተሰርቆ ቢቀልጥም ቀድሞ በተሣለው ሥዕል በሩን፣ በጥንት ጀርመናዊ ሕዝቦች ፊደል፣ የተቀረጸው ጽሑፉ ይነበባል፤ «እኔ ህሌዋጋስቲዝ ሆልቲያዝ ቀንዱን ሠራሁ» ይላል፥ ግሡም በራሱ ቋንቋ እንዲሁ መጨረሻ ላይ ነው። ቋንቋው ግን የጎጥኛ የሰሜን ዘመድ እንጂ ጎጥኛ ስላልሆነ፥ ምስክር አድርጉት እንጂ ዳኛ አታድርጉት።