የተጎዳ ጠገራ ብር ውጭ ልኮ ደረጃ ማሰጠት ያዋጣል? ጥያቄና መልስ ከጣና ዳር

ጥያቄዎቹ ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቹ የተበሳ፣ የተሸረፈ ወይም የዛገ የድሮ ገንዘብ ይዘዋል፤ ሁሉም ማወቅ የፈለጉት የሳንቲምን እውነተኛነትና ጤንነት መርምረው ደረጃ ለሚሰጡት የአሜሪካ ድርጅቶች ቢልኩት ያዋጣቸው እንደሆነ ነው።

ከዘጌ፦ ጋሼ፣ ከአያቴ የወረስኩት ጠገራ ብር ከንግሥቲቱ ራስ በላይ ተበስቷል። የቀዳዳው አፍ ሙልጭ ብሏል። ልላከው?

ወንድሜ፣ ጠገራ ብር በክር ታስሮ አንገት ላይ ይንጠለጠል ስለነበር የተበሳው ብዙ ነው። የቀዳዳው አፍ ሙልጭ ማለቱ ለረጅም ዘመን መደረጉን ይናገራል፤ ለቤተሰብ ታሪክ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደረጃ ሰጪዎቹ፣ ፒሲጂኤስም ኤንጂሲም፣ ጤነኛ ሳንቲም ሲያገኙ ከ1 እስከ 70 ቁጥር ይሰጡታል። የተበሳውን ግን ቁጥር ነፍገው «ዲቴይልስ» የሚል ጽፈው ነው የሚያሽጉት፤ እውነተኛ ነው፣ ጉዳት ግን አለበት ማለት ነው።

ደግሞም ብሩ ላይ ያለው 1780 የሚለው የፈረንጅ ዓመት አያታልልህ። ምስሏ ያለበት ንግሥት ማሪያ ትሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ቪየና፣ ሮም፣ ለንደንና ቦምቤይ ሳይቀሩ ያንኑ ዓመት እየጻፉ አትመውታል። ተራው 1780 ጤነኛ ሆኖ እንኳ ከያዘው ብር ዋጋ ብዙም አይርቅም፤ የተበሳውን አትላክ። ከ1780 የቀደመ ዓመት ካነበብክበት ግን በሕይወቷ ሳለች የታተመ ነውና ቢበሳም አስመርምረው።

ከቀበሌ 14፦ ጠገራ ብር እውነተኛ መሆኑን እዚሁ ማወቅ ይቻላል?

በሚገባ። እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን ያስፈልጋል፤ ወርቅ ቤቶች አላቸው። የጠገራ ብር ሙሉ ክብደት 28.07 ግራም፣ ስፋቱ 40 ሚሊሜትር ገደማ፣ የብር ይዘቱ ከሺህ 833 ነው። ያረጀው ግማሽ ግራም ቢጎድል አያስደነግጥም። ዋናው ፈተና የውኃው ነው። ውኃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጪና ወደ ዜሮ መልሽው። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስረሽ ሙሉ በሙሉ አጥልቂው፤ ታቹንም ጎኑንም እንዳይነካ። የተጣበቀ የአየር አረፋ ካለ ክሩን ነቅነቅ አድርገሽ አስለቅቂው። አሁን ሚዛኑ የሚያሳየው ሳንቲሙ የሚይዘውን ቦታ በኩብ ሴንቲሜትር ነው፤ ለ28.07 ግራም ብር 2.75 አካባቢ መምጣት አለበት። ከመዳብና ከኒኬል የተቀየጠ ሐሰተኛ ወደ 3.2 ይወጣል። ክብደቱን አስተካክሎ መሥራት ለአስመሳይ ይቀለዋል፤ ክብደቱንም ስፋቱንም ውፍረቱንም አንድ ላይ ማስተካከል ግን አይሆንለትም።

ቀጥሎ ጎኑን እያሽከረከርሽ እዪው። «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚለው የላቲን መፈክር ከፍ ብሎ የወጣ ፊደል ሆኖ ዙሪያውን ይሄዳል። በአሸዋ ቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ከሆነ ፊደሉ የደበዘዘ ነው፤ መሐል ለመሐል የመጋጠሚያ መስመር ወይም የሞረድ ጭረት ይታያል።

ከጎርጎራ፦ የምኒልክ ብር ነው። አንድ ጎኑ እንደ ግማሽ ጨረቃ ተሸርፏል። የፋብሪካ ስህተት ነው ብለውኛል።

ይህ ጥያቄ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል፤ የፋብሪካ ስህተት ዋጋ ሲጨምር በኋላ የደረሰ ሽርፈት ዋጋ ይቀንሳልና። የምኒልክ ብር ፓሪስ ነው የታተመው። ስህተቱ የሚፈጠረው ከብረት ሉሁ ላይ ክብ ጥፍጥፍ ሲቆረጥ መቁረጫው ቀድሞ በተቆረጠው ቀዳዳ ላይ ከተደረበ ነው። ጥፍጥፉ ጎድሎ ይወጣና ጎደሎውን ይታተማል። እንዲህ ከሆነ ሦስት ነገር ታያለህ። አንደኛ፣ ከሽርፉ ፊት ለፊት በወዲያኛው በኩል ያለው ጠርዝ ደካማና ደብዛዛ ይሆናል፤ ጠርዙ ሲቀረጽ በባዶው ቦታ በኩል የሚገፋው አጥቷልና። ሁለተኛ፣ ከሽርፉ አጠገብ ያሉት ፊደላት እየሳሱ ወደ ባዶው ይፈስሳሉ እንጂ በቢላ እንደተቆረጡ ቀጥ ብለው አይቆሙም። ሦስተኛ፣ የሽርፉ ግድግዳ እንደ ቀሪው ገጽ አርጅቷል፤ ቀለሙም ያው ነው።

በሞረድ ወይም በመቀስ የተቆረጠ ከሆነ ግን ፊደሉ መሐሉ ላይ ይቋረጣል፣ የወዲያኛው ጠርዝ ጤነኛ ነው፣ በማጉያ መነጽር ሲታይም ግድግዳው ላይ ትይዩ ጭረቶች አሉ። ወርቅ ቤት የሚጠቀሙበት አሥር እጥፍ ማጉያ ይበቃል። መብራቱን ከጎን አብራው፤ ከላይ የሚመጣ ብርሃን ጭረትን ይደብቃል። ሦስቱም ምልክት ከተሟላ ላከው። አንዱ ብቻ ከሆነ አትቸኩል።

ከደልጊ፦ የጃንሆይ ስሙኒ ጠርዙ ዙሪያውን ተነካክሷል። ይህስ?

ጉዳት አይደለም። 1936 የተጻፈበት ሃያ አምስት ሳንቲም መጀመሪያ ክብ ነበር፤ ከብር ከተሠራው ሽልንግ (ሃምሳ ሳንቲም) ጋር እየተምታታ ስላስቸገረ እንዲሰበሰብ ተደርጎ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ያለው ተተካ። ጥርሱ ሻካራም ልሙጥም አለ። ብርቁ ክቡ ነው፤ ጤነኛ ክብ ካገኘህ ለብቻው አስቀምጠው።

ከጣና ክፍለ ከተማ፦ ሳንቲሜ ላይ አንበሳው በጀርባው በኩል ተገልብጦ ገብቶ ይታያል።

ሁለት ሳንቲም በሞርሳ ተጨፍልቆ ነው። የገባው ምስል ያረፈበት የመጀመሪያ ምስል ተደፍጥጧል። ዋጋ የለውም።

ከሐሙሲት፦ ሳንቲሜ ጥቁር ስለነበር በሎሚና በአመድ አሽቼው አበራሁት። አጠፋሁ?

እናቴ፣ አዎ፣ ዋጋው ቀንሷል፤ ከእንግዲህ ግን አይንኩት። ሎሚው የላይኛውን ገጽ ይበላል፣ አመዱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ሲያጋድሉት ብርሃኑ በገጹ ላይ እየተሽከረከረ ካልሄደ፣ ሁሉም ቦታ እኩል ካንጸባረቀ፣ ደረጃ ሰጪው «ታጥቧል» ብሎ ዲቴይልስ ይጽፍበታል። የጥርስ ሳሙናም ያው ነው። አፈር ብቻ ከሆነ የተጣራ ውኃ ውስጥ ለአንድ ቀን መዘፍዘፍ ይበቃል፤ ሳያሹ፣ በለስላሳ ጨርቅ ጠብ ጠብ አድርጎ ማድረቅ ነው። የተጣበቀ ቅባትን ንጹሕ አሴቶን ያነሳል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ቅባትና ሽቶ ስላለበት አይሆንም፤ አሴቶን ስለሚቀጣጠልም ከእሳት ይራቅ።

ከባሕር ዳር ዙሪያ፦ ማሳ ውስጥ መሐሉ ላይ መስቀል ያለባት ትንሽ አረንጓዴ ሳንቲም ተገኘች።

የአክሱም ልትሆን ትችላለች፤ እንዳትጠርጋት አደራ። አንዳንዶቹ የአክሱም ሳንቲሞች በመስቀሉ ዙሪያ ስስ ወርቅ ተለብጦባቸዋል፤ አንድ ጊዜ ቢታሹ ይሄዳል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት፤ ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ቅርብ ነው። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትም የተከለከለ ስለሆነ፣ የምኒልክን ብር ለመላክ ያሰበም መጀመሪያ የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቅ። ይህን ሳታደርጉ ፖስታ ቤት አትሂዱ።

ከግሽ ዓባይ፦ ወጪውን እንዴት ላስላ?

የደረጃ ክፍያ፣ የመላኪያ፣ የመመለሻና የመድን ወጪን ደምር። ከዚያ የጤነኛውን ዋጋ ትተህ በዲቴይልስ የተሸጠውን ያንኑ ዓይነት ፈልግ። ይህ ዋጋ ከወጪህ ሁለት እጥፍ ካልበለጠ እኔ ብሆን አልልክም። ለማስታወሻ የያዝከው ከሆነ ደግሞ ማሸጊያው የሚጨምርልህ ነገር የለም።

ከቀበሌ 11፦ በክረምት የሐይቁ እርጥበት ሳንቲሞቼን ያጠቁርብኛል።

ለስላሳና የሚሸት ፕላስቲክ ውስጥ አታስቀምጪ፤ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ይተፋል። በላስቲክም አትሰሪ፣ ውስጡ ያለው ድኝ ብርን ያጠቁራል። እያንዳንዱን ለየብቻ በወረቀት ፖስታ አድርገሽ፣ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጡትን የሲሊካ ከረጢቶች ጨምረሽ፣ ክዳኑ በሚገጥም ጠንካራ ዕቃ ክደኚው። ከረጢቶቹን ክረምቱ አጋማሽ ላይ ቀይሪያቸው።